መስመሩ ሲቋረጥ ሚዛኑ እንዳይቆም

«ሲስተም የለም» ተብሎ ከባንክ ደጃፍ ተመልሶ የማያውቅ ሰው በአገራችን ማግኘት ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ መልስ ቢበዛ የአንድ ከሰዓት ሥራ ያበላሻል። በቆላዋ አብርሃ ጅራ ከተማ ግን፣ ያውም ሰሊጥ ከየእርሻው እየተጫነ በሚገባበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ባለእርሻው ለአጫጆቹ የሚከፍለው ከሽያጭ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። አጫጆቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው ወደ ደጋው ለመሳፈር ቀን ይቆጥራሉ። መኪናው ቆሞ በዋለ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል። አንድ ኮምፒውተር አልከፍት ሲል ይህ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ይቀራል።

ይህ ምዕራፍ የንግድ ሥራን የሚያካሂድ ዌብ አፕሊኬሽን እንዴት እንደሚሠራና የት እንደሚቀመጥ ያብራራል። ምሳሌውን ከቆላው የወሰድሁት ሆን ብዬ ነው። መብራትም ኔትወርክም በማያስተማምንበት ቦታ የሚሠራ አሠራር ሌላ ቦታም ይሠራል፤ መስመር ለማይቋረጥበት ከተማ ታስቦ የተሠራ ግን ቆላ ሲወርድ በመጀመሪያው ሳምንት ይንኮታኮታል።

አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። በሱዳን ድንበር በኩል ያለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከእርሷ እስከ ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ ድረስ፣ ኑሮው በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ነው። ከሦስቱ ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ደርቆ ማሳ ላይ ከቆየ ቋቱ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ ሂላ የሚባል ክምር ሆኖ ይቆማል፤ ሲደርቅ ሸራ ላይ ይራገፋል። ሥራው ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ይጠናቀቃል፤ የዓመቱ ግብይት ትልቁ ድርሻም ከዚያ ወቅት ጋር ይመጣል። ለሲስተም ሠሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዓመት አማካይ የሚለካ አቅም እዚህ ቦታ ትርጉም የለውም። በግንቦት ለአሥር ቀን የቆመ ሰርቨር ማንንም ላይጎዳ ይችላል፤ በኅዳር ለአሥር ሰዓት የቆመው ግን የሰውን የዓመት ልፋት ይነካል።

ሰሊጡና ሰርቨሩ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ ቡናና ሰሊጥ በመጋዘን ደረሰኝ ሲሸጡ ቆይተዋል። ሻጩ ምርቱን አካባቢው ባለ መጋዘን ያስገባል። ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ይመዘናል፣ ከዚያም ደረሰኙ በማዕከላዊው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሻጭና ገዢ ግን የሚገናኙት ሌላ ቦታ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ በነበረው አዳራሽ በጩኸትና በእጅ ምት፣ ኋላ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መገበያያ። ግብይቱ ሲፈጸም ጆንያው ከመጋዘኑ ንቅንቅ አይልም። የሚለወጠው በዳታቤዝ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ነው፦ የባለቤቱ ስም። ገንዘቡም በማግስቱ በባንክ በኩል ይተላለፋል።

ይህን ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ገበሬው «ሰሊጤ» የሚለው ነገር መጋዘን ውስጥ ከሌላው ሰሊጥ ጋር ተደባልቆ ተቀምጧል። የእርሱ መሆኑን የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ወይም ከተዛባ ንብረቱም አብሮ ይጠፋል። ሰርቨር ማለት በዚህ ንግድ ውስጥ ለቢሮ ሥራ ማቅለያ የመጣ ዕቃ አይደለም ማለት ነው።

ከምርት ገበያው በታች ደግሞ ብዙ ትናንሽ ሥራዎች አሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ አቅራቢዎች፣ የግብዓት ሻጮች፣ የትራክተር መለዋወጫ መደብሮች፣ የጭነት አገናኞች። ብዙዎቹ ዛሬም ደብተር ላይ ናቸው፤ ወደ አፕሊኬሽን የሚሻገሩት ደግሞ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የተማረ ወጣት ፕሮግራመር ፈልገው ነው። ይህን ምዕራፍ ስጽፍ በዓይነ ሕሊናዬ ያሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሥራውን የሚያዘው ነጋዴና ኮዱን የሚጽፈው ልጅ።

ማንኛውም ዌብ አፕሊኬሽን ሦስት ነገር አለው። አንደኛው ጸሐፊዋ ፊት ለፊት ያለው ብሮውዘር ነው። ሁለተኛው ሩቅ ቦታ ሰርቨር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ ጥያቄ ይቀበላል፣ ሕጉን ያያል፣ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ሦስተኛው መዝገቡ፣ ማለትም ዳታቤዙ ነው። አብርሃ ጅራ ያለ ሰው አዲስ አበባ ያለውን መዝገብ ለማግኘት ደግሞ በተራ የሚያልፍባቸው ነገሮች አሉ፦ የራሱ መብራት፣ የአካባቢው የስልክ ማማ፣ እስከ መሀል አገር የሚሄደው ፋይበር፣ ሰርቨሩ ያለበት ዳታ ሴንተር፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ራሱ። አምስቱም እያንዳንዳቸው ከመቶ 99 እጅ የሚሠሩ ቢሆኑ ጥሩ ይመስላል። ግን አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማሉና 99 በመቶ አምስት ጊዜ ሲባዛ ወደ 95 በመቶ ይወርዳል። የቀረው 5 በመቶ በዓመት 18 ቀን ያህል ነው።

አሻሻጮች «ዳታ ሴንተራችን 99.982 በመቶ ይሠራል» ሲሉ ይህን ስሌት ማስታወስ ይጠቅማል። ቁጥሩ ቴር ሦስት ከሚባለው የዳታ ሴንተር ደረጃ ጋር የሚጠቀስ ሲሆን፣ በዓመት ከ1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ የማይበልጥ መቆም ማለት ነው። ቢሆንም የሚናገረው ስለ አንዱ ቀለበት ብቻ ነው። ቆላው የሚያየው የሰንሰለቱን ጠቅላላ ውጤት ነው፤ ደካማው ቀለበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ለተጠቃሚው ቅርብ በሆነው ጫፍ ነው። ስለዚህ ብርቱ ሲስተም መገንባት የሚጀመረው ውድ ሰርቨር በመከራየት ነው የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። የሚጀመረው ከሚዛኑ ጎን ነው።

እስኪ ወደ ሚዛኑ እንቅረብ። አንድ አቅራቢ 30 ጆንያ አስመዝኖ 29 ኩንታል ከ40 ኪሎ ሆነለት እንበል። ጸሐፊዋ አስገብታ «መዝግብ» የሚለውን ትነካለች። ክቡ ይሽከረከራል።

«እህቴ፣ የኔ ገባ?»

«ቆይ አባቴ፣ ኔትወርኩ ነው።»

ደግማ ትነካለች። ይህን ጊዜ ምን ሆነ? ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ጥያቄ አዲስ አበባ ደርሶ ተመዝግቧል፤ የጠፋው «ተመዝግቧል» የሚለው መልስ ነው። ጸሐፊዋ ግን ያልሄደና ሄዶ መልሱ የጠፋ ጥያቄ የሚለይበት መንገድ የላትም። ሁለተኛው ሲደርስ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። መዝገቡ 58 ኩንታል ከ80 ኪሎ ይላል፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው 29 ኩንታል ከ40 ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ቆጠራ ሲደረግ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠረጠረው መጋዘን ጠባቂው ይሆናል። ንጹሕ ሰው በደካማ ኮድ ምክንያት ሌባ የሚባልበት አሠራር በእኔ እምነት የምሕንድስና ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ግፍም ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ቅጹ ገና ሲከፈት የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ራሱ ለዚያ ሚዛን የማይደገም መለያ ቁጥር ያወጣለታል። ጥያቄው አሥር ጊዜ ቢላክም መለያው አንድ ነው። ሰርቨሩ መለያውን ሲያይ «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ የቀድሞውን መልስ ይመልሳል፣ ሁለተኛ አይመዘግብም። ዳታቤዙም ላይ መለያው እንዳይደገም የሚከለክል ሕግ ይጣላል፤ ፕሮግራሙ ቢሳሳት እንኳ መዝገቡ እምቢ እንዲል። ይህን ያላደረገ አፕሊኬሽን ለሚዛን ሥራ አይታሰብ።

ቀጣዩ እርምጃ ኔትወርኩ ጨርሶ ሲጠፋም ሚዛኑ እንዳይቆም ማድረግ ነው። የዛሬዎቹ ብሮውዘሮች የአፕሊኬሽኑን ገጾችና መረጃ በመሣሪያው ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ። ጸሐፊዋ ትመዝናለች፣ ታስገባለች፣ ደረሰኝ ታትማለች። መዝገቡ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ተራ ይዞ ይጠብቃል፤ መስመር ሲመለስ በተራው ይሄዳል። ደረሰኙ ላይ ግን «በማዕከል ያልጸና» የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ገበሬው የያዘው ወረቀት ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

እዚህ ላይ የምዕራፉ ዋና ነጥብ ይመጣል። መቀበልና መስጠት እኩል አይደሉም። ሰሊጥ ወደ መጋዘን ሲገባ መስመር ባይኖርም ተመዝግቦ መቆየት ይችላል፤ ሁለት ቦታ የተመዘገቡ ሁለት ገቢዎች ኋላ ሲደመሩ አይጋጩም። መሸጥ፣ ማስተላለፍ፣ ገንዘብ መክፈል ግን ሌላ ነው። መስመር ተቋርጦ እያለ አብርሃ ጅራ ያለው ቢሮም ጎንደር ያለው ቢሮም ያንኑ 50 ኩንታል ሊሸጡት ይችላሉ። ስለዚህ ብርቱ አሠራር ገቢውን ያለ መስመር ይቀበላል፣ ወጪውን ግን ከማዕከላዊው መዝገብ ጋር ሳይስማማ አይፈጽምም። ደንበኛ ቢቆጣም፣ ወረፋ ቢረዝምም።

ይህን የማያከብር ሲስተም ምን እንደሚሆን አገር ሙሉ አይቷል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በቴሌግራም በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዳረሰ፤ ተማሪዎች ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው በእነዚያ ሰዓታት ከ490,000 በላይ ግብይቶች ተካሂደዋል፣ ያለአግባብ የወጣውም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ሲስተሙም አልወደቀም። ያሳዘነኝ ይኸው ነው፤ ሲስተሙ በትጋት እየሠራ ነበር፣ የሚሠራው ግን ስህተት ነበር። ገንዘቡ አብዛኛው ተመልሷል፤ ነገር ግን በርካታ ወጣቶች ስማቸው በየባንኩ ቅርንጫፍ በር ላይ ተለጥፎ አይተዋል።

ከዚህ ሌሊት የሚወሰደው ትምህርት ለአንድ የሰሊጥ አቅራቢ አፕሊኬሽንም ይሠራል። የሒሳብ መጠን ማረጋገጫው ካልተገኘ ወይም ከዘገየ ፕሮግራሙ «እሺ» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ መቆም አለበት። ገንዘብ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው የሚጨመርበት ሥራ ደግሞ በዳታቤዙ ውስጥ እንደ አንድ ግብይት ይታሰራል፦ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ ወይ አንዳቸውም። ሲስተሙ የሚሻሻለው ምርት በሚገባበት ሰሞን አይደለም፤ የሚሻሻለውም መጀመሪያ ለአንድ ቅርንጫፍ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሰው እያየው፣ ወደ ነበረበት መመለሻው ተዘጋጅቶ ነው።

አሁን ሰርቨሩ የት ይቀመጥ ወደሚለው እንሂድ። ብዙ ነጋዴ የሚያስበው ቢሮው ውስጥ ነው፤ «ዓይኔ እያየው ይሻላል» ይላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ግን ቆላው ለኮምፒውተር ጠላት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ለሰርቨር ክፍል የሚመከረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። አቧራው ማቀዝቀዣውን ይደፍናል፣ የመብራት መዋዠቁ ዲስኩን ይገድላል። ስለዚህ እዚያ የሚቀመጠው ዋናው ሰርቨር ሳይሆን ረዳት ይሁን፦ ማራገቢያ የማይፈልግ፣ የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚበቃው አነስተኛ ኮምፒውተር፣ ከባትሪና ከፀሐይ ኃይል ጋር። የቢሮው ላፕቶፖች በውስጥ ዋይፋይ ከእርሱ ጋር ይሠራሉ። ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል የሚጠፋው ገና ያልተላከው የጥቂት ሰዓት መዝገብ ብቻ ነው፤ ያም የታተመ ደረሰኝ አለው። ዲስኩ ግን ተመስጥሮ ይቀመጥ፣ የገበሬው ስልክና የሒሳብ ቁጥር ያለበት ነውና።

ዋናው ሰርቨር አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ምርጫው ውጭ አገር ብቻ ይመስል ነበር፤ ብዙዎቹ የአገራችን ድርጅቶች ድረ ገጾች ዛሬም አውሮፓና አሜሪካ ነው ያሉት። ነገር ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ እንደ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ያሉ ኩባንያዎች ዳታ ሴንተር ከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሰጣል፤ እንደ የጋራ ሆስት ያሉ የአገር ውስጥ አስተናጋጆችም አሉ።

ርቀቱ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ደርሶ መልስ ምንም ቢሆን ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም፤ ኬብሉ በቀይ ባሕር ዞሮ ስለሚሄድ በእውን ከዚያ ብዙ ይበልጣል። አንድ ገጽ ለመከፈት ሠላሳ ጊዜ ደርሶ መልስ የሚጠይቅ ሆኖ ከተሠራ መዘግየቱ በሰከንድ ይቆጠራል፣ በደካማ መስመር ላይ ደግሞ ገጹ ጨርሶ አይከፈትም። ባሕሩም አደጋ አለው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ፣ በየካቲት ገደማ፣ በቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ በርካታ ኬብሎች ተቆርጠው ነበር። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት የምትወጣው በጎረቤቶቿ በኩል ነው፤ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን። የሱዳኑ መስመር የሚያልፈው በመተማ ነው። ይገርመኛል፤ የአገር መስመር በደጃቸው እያለፈ ሰዎቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ኔትወርክ ይፈልጋሉ።

ሌላው የዶላር ነገር ነው። ውጭ ያለ ሰርቨር ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ይከፈላል፤ ካርዱን ማግኘት ለትንሽ ነጋዴ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። የሰርቨር ኪራዩ በብር ሲሰላ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ሳይከፈል የቀረ ሰርቨር ደግሞ ያለ ጦርነትና ያለ እሳት ይዘጋል። በዚያ ላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የገበሬውን ስም፣ ስልክና ሒሳብ የሚይዝ ነጋዴ መረጃውን የት እንደሚያኖር በሕግም ይጠየቃል። ለእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች እኔ ዋናው መዝገብ አገር ውስጥ ይሁን ባይ ነኝ።

አገር ውስጥ ሲባል ግን አንድ ቦታ ብቻ ማለት አይደለም። ለዚህ ማስረጃው ከአብርሃ ጅራ ማዶ፣ ከድንበሩ ባሻገር አለ። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የአገሪቱ ባንኮችም የስልክ ኩባንያዎችም ዋና ማዕከል ካርቱም ነበር። ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ሕዝቡ የተደገፈው በስልክ ነው፤ በተለይ የካርቱም ባንክ ባንካክ በሚለው መተግበሪያ። ዳቦ መግዣ፣ ለተሰደደ ዘመድ መላኪያ፣ የመኪና መክፈያ ሆነ። ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሱዳኒ፣ ኤምቲኤንና ዜይን ሦስቱም ተከታትለው ጠፉ። ካርቱም ያሉትን የመረጃ ማዕከሎቻቸውን ከአገሪቱ ጦር ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል መያዙ ተዘግቧል። ከዳርፉር እስከ ገዳሪፍ ያለ ሰው፣ ማማው ቆሞ፣ ሲሙ በእጁ ሆኖ፣ ገንዘቡን ማግኘት አቃተው። ማማዎቹ «ይህ ደንበኛ ማነው?» ብለው የሚጠይቁት መዝገብ ካርቱም ነበርና። ኩባንያዎቹ ቀስ በቀስ የተመለሱት ማዕከላቸውን ፖርት ሱዳን ላይ እንደ አዲስ ካቆሙ በኋላ ነው፤ እርሱም መጀመሪያ ለምሥራቁና ለሰሜኑ ብቻ። በቀሩት አካባቢዎች ሰው ለስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት በሰዓት እየከፈለ ባንካክን ለመክፈት ተሰለፈ።

እኛም ያን ዓመት የራሳችን መቋረጥ ነበረን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ይህን በኮድ የሚያሸንፍ ፕሮግራመር የለም። ግን ኢንተርኔት ጠፍቶ ስልክና አጭር መልእክት በሚሠሩባቸው ቀናት ጠባብ በር አለ። ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# የሚሠሩት ያለ ኢንተርኔት ነው። የሚዛን መዝገብም በአጭር መልእክት መሄድ ይችላል፤ ጥበብ ግን ይጠይቃል። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በፊደላችን 70 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የሚላከው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፦ የቅርንጫፍ ኮድ፣ የአቅራቢ ቁጥር፣ ኪሎ፣ የማይደገመው መለያና በመጨረሻ ስህተት መያዣ አሃዝ። ሰርቨሩ ወደ ቃል ይመልሰዋል።

ሁለተኛ ቦታ ያስፈልጋል ካልን ሁለተኛው ምን ይያዝ? እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አንደኛው ግልባጭ ዳታቤዝ ነው። ዋናው ላይ የተጻፈ ሁሉ በሰከንድ ውስጥ እዚያም ይጻፋል፤ እንደ ፖስትግሬስ ያሉ ነፃ ዳታቤዞች ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያደርጋሉ። ዋናው ሲወድቅ ግልባጩ ሥራውን ይረከባል፤ የዶሜይኑ አድራሻም ወደ አዲሱ እንዲዞር ይደረጋል፣ ይህ በደቂቃዎች እንዲሆን ግን የአድራሻው የማቆያ ጊዜ አስቀድሞ አጭር ተደርጎ መሞላት አለበት። ሆኖም ግልባጭ እንደ ካርቦን ወረቀት ነው፤ ላይ የተሳሳተው ታችም ይሳሳታል። አንድ ሰው የዓመቱን መዝገብ ቢሰርዝ ግልባጩም በሰከንድ ውስጥ በታማኝነት ይሰርዘዋል። ስለዚህ ባክአፕ ለብቻው ያስፈልጋል፦ ቀን የተጻፈበት፣ ሌላ ሕንፃ ያለ፣ ከዋናው ሰርቨር በወጣ ፓስዎርድ የማይሰረዝ።

ሌላ ሕንፃ የምለው ያለ ነገር አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ፣ ኦቪኤች የተባለው ታላቅ የሰርቨር አከራይ ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ወደ 3.6 ሚሊዮን የሚገመቱ ድረ ገጾች ከመስመር ወጡ። ባክአፕ ገዝተው የነበሩ ደንበኞች ሳይቀሩ የተወሰኑት ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ባክአፑ ከዋናው ጋር አብሮ ተቃጥሏልና። ጊትላብ ደግሞ ፕሮግራመሮች ራሳቸው ኮዳቸውን የሚያኖሩበት ድርጅት ነው። በጥር 2009 ዓ.ም. አንድ ሠራተኛው ሌሊት በስህተት 300 ጊጋባይት ዳታቤዝ ሰረዘ። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ መንገድ ነበራቸው፤ በሚፈለግበት ሰዓት አንዱም በቅጡ አልሠራም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተነሣ ቅጂ ነበር።

ስለዚህ ነጋዴው ፕሮግራመሩን «ባክአፕ አለን?» ብሎ አይጠይቅ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ። ዋናው ሰርቨር አሁን ቢጠፋ በስንት ሰዓት እንመለሳለን? ስንመለስስ የስንት ደቂቃ መዝገብ ይጎድላል? መልሱ በሥራው ዓይነት ይለያያል። ለመለዋወጫ መደብር የአንድ ቀን መቆም ይቻላል። ለሰሊጥ ገቢ በኅዳር ሁለት ሰዓት ይበዛል፤ የጎደለው መዝገብም ዜሮ መሆን አለበት፣ ያልተላከው በቅርንጫፉ ኮምፒውተርና በደረሰኙ ላይ ስላለ ይቻላልም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ልምምድ ያስፈልጋል፤ ለልምምዱ ከነሐሴ የተሻለ ወር የለም። እርሻው ላይ አረም ነው፣ መጋዘኑ ባዶ ነው። አንድ ቀን ይመረጥና ዋናው ሰርቨር ሆን ተብሎ ይዘጋል። ፕሮግራመሩ ባክአፑን ባዶ ማሽን ላይ ይመልስ፣ ሰዓት ይያዝበት። የአምናው የኅዳር አንድ ቀን ተመርጦ ጠቅላላ ኩንታሉ ከደረሰኝ ጉርዱ ጋር ይመሳከር። የዶሜይኑና የሰርቨሩ ኪራይ መቼ እንደሚያልቅ ይታይ። ፓስዎርዶቹ በአንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካሉ ታሽገው በካዝና ይቀመጡ፤ ልጁ ነገ ሌላ ሥራ ሊያገኝ ይችላል።

በዚያው ሳምንት ማተሚያ ቤት ይታዘዝ፦ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ በሦስት ቅጂ የሚወጣ የሚዛን ደረሰኝ ጥራዝ፣ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተለየ የቁጥር ክልል ተሰጥቶት። ላፕቶፑም ባትሪውም ሲያልቅ ጸሐፊዋ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። መብራት ሲመጣ እያንዳንዱ ወረቀት ሲገባ የማይደገመው መለያ ሆኖ የሚያገለግለው ራሱ የታተመው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰው አንዱን ወረቀት ቢያስገባው ዳታቤዙ ሁለተኛውን ይመልሳል፣ መሀል የጎደለ ቁጥር ካለም በማግስቱ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩ ይወጣለታል።